ጡሩምባው ከቀብር በፊት ይነፋ

«ህብረተሰቡ አስፈላጊውን ጥንቃቄ ያድርግ።»

ክረምት በመጣ ቁጥር ይህችን ዓረፍተ ነገር በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን ወይም በፌስቡክ ገጽ ያልሰማ አለ? ዛሬ የምሟገተው ከዚች ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። ውሸት ሆና አይደለም። ባዶ ስለሆነች ነው። ማን ነው ጥንቃቄ የሚያደርገው? ምን አድርጎ? በስንት ሰዓት ላይ? ሽማግሌውን ማን ተሸክሞ? ወዴት ወስዶ? ለአንዱም መልስ የላትም።

ባለሥልጣኑ ዓረፍተ ነገሯን አንብቦ ግዴታዬን ተወጣሁ ይላል። እኛ ሰምተን «መንግስት ያውቃል» ወይም «እግዚአብሔር ያውቃል» እንላለን። በመካከሉ ቦዩ በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ እንደተሞላ ሐምሌ ይገባል።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ጎርፍን ቤተሰብ ብቻውን ሊከላከለው አይችልም። መንግስትም ከሌሊቱ 8 ሰዓት በራችንን እያንኳኳ አያስወጣንም። በሁለቱ መካከል ስማችን የተመዘገበበት፣ በየወሩ የምናዋጣበት፣ ቤታችንን በር በር የሚያውቅ አንድ ተቋም አለን፤ እሱም እድር ነው። ችግሩ እድራችን የሚነሣው ከሞትን በኋላ መሆኑ ነው።

«ዱከም ላይ ደግሞ ምን ጎርፍ አለ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ውቅያኖስ የለን፣ የአሜሪካው ዓይነት ሀሪኬን አይመጣብን። እውነት ነው፣ አውሎ ነፋሱ እዚህ አይደርስም። ዝናቡ ግን ወደ አገራችን መድረሱን አይተናል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. «ሳጋር» የተባለው ሳይክሎን ሶማሌላንድንና ጅቡቲን ሲመታ ዝናቡ ወደ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ዘልቋል። ደግሞም እኛን ለመግደል አውሎ ነፋስ አያስፈልግም። ለዚህ ሦስት ሌሊቶችንና ቀኖችን ማስታወስ ይበቃል።

የመጀመሪያው ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ነው። ድሬዳዋ ተኝታለች። ዝናቡ በዋናነት የጣለው ከተማዋ ላይ ሳይሆን ከበላይዋ ባሉት የሐረርጌ ደጋዎች ላይ ነበር። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ዳሩ ላይ ቤት ሠርቶ ይኖራል። በዚያች ሌሊት ግን ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። ብዙ ሳይቆይ፣ በነሐሴ፣ ኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ከ300 በላይ ሰው ሞተ።

ሁለተኛው ነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ላይ የጣለው ዝናብ ባስከተለው ጎርፍ 7 ሰዎች ሞቱ። መሐንዲስ፣ ዩኒቨርሲቲና የእሳት አደጋ መኪና በሞላባት፣ ከእኛ 37 ኪሎ ሜትር ብቻ በምትርቅ ዋና ከተማ!

ሦስተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ። አስቀድሞ የወረደ ናዳ ቤተሰቦችን ቀብሯል። ጎረቤት ተጠራርቶ ሊያወጣቸው ሮጠ። በእጁና በአካፋ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ መጣና ሊረዳ የሮጠውን ራሱን ቀበረው። በሁለቱ ናዳ ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ለእርዳታ የመጡ ነበሩ። በዚያ ቀን የጎደለው ፍቅር አይደለም። ሰው ለወገኑ ከመሞት የበለጠ ምን ያድርግ? የጎደለው ቀድሞ የተዘጋጀ ነገር ነው፤ መቼ መውጣት፣ መቼ መራቅ፣ ማን መግባት እንዳለበት የሚናገር ሰው።

ጎፋ ናዳ ነው፣ እኛ ዘንድ ደግሞ ሜዳ ነው የሚል ካለ ወደ ራሳችን መሬት ልውሰደው።

ዱከም የተቀመጠችው ከየረር ተራራ በታች በተዘረጋው የአድኣ ሜዳ ላይ ነው። አፈሩ ኮትቻ ነው። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሠራል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ መሬቱ ሁሉን የሚጠጣ ይመስላል። ከሰኔ በኋላ ግን ያብጥና ስንጥቁ ይዘጋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚጥለው ውሃ ወደ ታች አይሰርግም፣ በላዩ ይሄዳል። ገበሬው ይህን ያውቃል፤ ውሃ የሚያስወጣ ፈር ሳያወጣ ኮትቻ ላይ አይዘራም። እኛ ነን በዚያው ኮትቻ ላይ ፈር ሳናወጣ ከተማ የሠራነው።

እስቲ ስሌቱን አብረን እንሥራ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። አንድ ሄክታር የሚሸፍን የፋብሪካ ወይም የመጋዘን ጣሪያ ላይ በአንድ ከሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ቢጥል ግማሽ ሚሊዮን ሊትር ይሆናል። ባለ 20 ሺህ ሊትር 25 ቦቴ ውሃ ማለት ነው፣ ከአንድ ጣሪያ ብቻ። ትናንት በዚያ ሄክታር ላይ ጤፍ ነበር፤ ዛሬ ቆርቆሮ ነው። በዚህ ላይ ጊቢው ኮንክሪት፣ መንገዱ አስፋልት ነው። የድሮው የአዳማ መንገድ፣ የፍጥነት መንገዱና የባቡር ሐዲዱ ደግሞ ሜዳውን አቋርጠው ከፍ ብለው የተደለደሉ ናቸው። ለውሃ ሲሆኑ እንደ ግድብ ናቸው፤ ማለፍ የሚችለው በካልቨርት ብቻ ነው። ካልቨርቱ በደለልና በቆሻሻ ከተደፈነስ?

ይህ የዱከም ብቻ ጉዳይም አይደለም። ከእኛ በታች ያሉትን ተመልከቱ። አዳማ በኮረብታ የተከበበች ሳህን ናት፣ ዙሪያዋን የዘነበው ወደ መሃሏ ይወርዳል። ወንጂ አዋሽ አፍ ላይ ተኝታለች። በ1952 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ሐይቅ ከዚያ ጀምሮ ደለል ሲሞላው ኖሯል፤ ደለል በሞላ ቁጥር ውሃ የሚይዝበት ቦታ ያንሳል። መተሐራ ጫፍ ላይ የበሰቃ ሐይቅ ከጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር ተነሥቶ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል፣ መንገድና ሐዲድ አስነሥቷል። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አዋሽ ሞልቶ በአፋር በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ አውጥቷል። ሁላችንም በአንድ ተፋሰስ ላይ የተቀመጥን ጎረቤታሞች ነን።

እንግዲህ ቤተሰብ ምን ያድርግ?

የሚቻለውን በአጭሩ ልዘርዝር፤ አብዛኛው ገንዘብ አይጠይቅም፣ ግንቦት ሳያልቅ መጀመርን ግን ይጠይቃል።

ውሃው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ እወቁ። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ጊቢ ውስጥ ቁሙና ተመልከቱ። የጊቢያችሁን ቦይና ከበራችሁ ፊት ያለውን ዲች ያኔውኑ ጥረጉ።

ባዶ ማዳበሪያ ከረጢት አስቀምጡ፣ አሸዋ ወይም አፈር ሙሉበት። ቀይ አሽ በቅርብ ስላለ ብላችሁ በእሱ አትሙሉ፤ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ውሃ ያስተላልፋል።

ጤፉንና ዱቄቱን ከወለል ላይ አንሡ። የቤት ካርታ፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የትምህርት ማስረጃ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ አንድ ቦታ ይቀመጥ፤ ፎቶውን አንሥታችሁ ቴሌግራማችሁ ላይ ለራሳችሁ ላኩት። ስልክ ውሃ ቢወስደውም መዝገቡ ይቀራል።

የመብራት ዋናው ማጥፊያ የት እንደሆነ ቤት ውስጥ ያለ ትልቅ ሰው ሁሉ ይወቅ። ውሃው ሶኬት ጋ ሳይደርስ አጥፉት። ከደረሰ በኋላ እርጥብ ቆማችሁ አትንኩት፣ ውጡ።

የሚጠጣ ውሃ በጄሪካን ይኑር። ጎርፍ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ከጉድጓድ ውሃው ጋር ያገናኘዋል። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከባሌ የተነሣው ኮሌራ ምን ያህል ክልል እንዳዳረሰ አንርሳ። ከጎርፍ በኋላ ውሃ አፍሉ ወይም በውሃ አጋር አክሙ።

ከሁሉ በላይ የመውጫውን ምልክት ዛሬ ወስኑ። 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍታ ያለው ፈጣን ውሃ ትልቅ ሰው ይጥላል። 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያነሣል። ባጃጅማ ምን ይቆማል? ውሃው ከቁርጭምጭሚት ሳያልፍ ልጆችና አዛውንት መውጣት አለባቸው። ቴሌቪዥን ላውርድ፣ ፍራሽ ልስቀል ማለት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው። ጎርፍ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ ልመለስ። ይህን ሁሉ ብታደርጉም አይበቃም። እንዲያውም አንዳንዱ ጎረቤታችሁን ይጎዳል።

እንዴት? አቅም ያለን ሰዎች ጊቢያችንን በገረጋንቲ ሞልተን ከፍ እናደርጋለን፣ በር ላይ ደፍ እንሠራለን፣ ሴራሚክ እናነጥፋለን። ውሃው ግን አልጠፋም። ከእኛ ጊቢ ተገፍቶ ዝቅ ወዳለው ጎረቤት፣ ብዙ ጊዜም ወደ ድሃው ሄደ። በመንደራችን እያንዳንዱ ለየራሱ «ጥንቃቄ» ሲያደርግ የመጨረሻው ዝቅተኛ ቤት የሁላችንን ጥንቃቄ ውጤት ይጠጣል። «ህብረተሰቡ ጥንቃቄ ያድርግ» የምትለው ዓረፍተ ነገር ይህን አታውቅም። ህብረተሰብ ትላለች እንጂ የምታናግረው ለየብቻ የቆመን ግለሰብ ነው።

ስለዚህ ወደ እድር እንሂድ።

እድር ያለውን ቁጠሩ። የአባላት መዝገብ አለው። ገንዘብ ያዥ፣ ጸሐፊና ዳኛ አለው። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ሳህን አለው። መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ ያልመጣን ይቀጣል። ማንም ሚኒስቴር ሊኮርጀው ያልቻለ ነገርም አለው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ መንደሩን በሙሉ የሚያሰባስብ ጡሩምባ ነፊ። የውጭ ባለሙያዎች «የማስጠንቀቂያ ሥርዓት» እያሉ የሚያጠኑት ይህንኑ አይደለም እንዴ? እኛ አለን። የምንነፋው ግን ለሞተ ሰው ብቻ ነው። ድንኳን አለን፣ ለሚሰጥም ሰው የሚወረወር ገመድ የለንም።

ይህ የህልም ሐሳብ እንዳይመስላችሁ ባንግላዴሽን ተመልከቱ። በ1970 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንድ ሳይክሎን ከ300 ሺህ በላይ ሰው ፈጀባት። ከዚያ በኋላ መንግስትና ቀይ ጨረቃ ማህበር የመንደር በጎ ፈቃደኞችን አደራጁ፤ መሣሪያቸው የእጅ ድምጽ ማጉያ፣ ሳይረንና ባንዲራ ነው። በ2020 «አምፋን» የተባለው ብርቱ ሳይክሎን ሲመጣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ቀድሞ ወጣ፤ በባንግላዴሽን የሞተው በአስሮች የሚቆጠር ነበር። ባንግላዴሽን ሀብታም ሆና አይደለም። የመንደሩ ሰው የመንደሩን ሰው በር እንዲያንኳኳ ቀድሞ ተመድቦ ስለነበረ ነው።

የእኛ እድሮች ከዚህ ክረምት በፊት ሊያደርጉት የሚችሉት ይህ ነው።

አንደኛ፣ ሁለተኛ መዝገብ ይክፈቱ። ዝቅተኛ ቦታ ያለው ቤት የትኛው ነው? አልጋ ላይ የዋለ አዛውንት የማን ቤት አለ? አራስ የት አለች? ማየት ወይም መስማት የተሳነው ማነው? ለእያንዳንዱ የሚያወጣው ሁለት ጎልማሳ ስም ይጻፍለት።

ሁለተኛ፣ ከሞት ጥሪ የተለየ ምልክት ይወሰን። ጡሩምባ በሌለበት ፊሽካ ይሁን። ከቤተ ክርስቲያን ደወልና ከመስጊድ ድምጽ ማጉያ ጋር ስምምነት ይደረግ። መልእክቱ በኦሮምኛም በአማርኛም ይነገር። ውሃ ሲመጣ አስተርጓሚ ፍለጋ የለም።

ሦስተኛ፣ መጠለያው ዛሬ ይታወቅ። ከፍ ያለ ትምህርት ቤት ወይም ፎቅ ቤት ይመረጥ፣ ባለቤቱ በፈቃዱ ይስማማ፣ ሌሊት ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ይጻፍ።

አራተኛ፣ ከበላያችን ካለው መንደር ጋር ስልክ እንለዋወጥ። የድሬዳዋ ትምህርት ይኸው ነው፤ የሚገድልህ ዝናብ ሁልጊዜ አንተ ላይ የሚጥለው አይደለም። ወደ የረር አቅጣጫ ያለ እድር «እዚህ ጠቁሯል፣ ወንዙ ቀለሙን ለውጧል» ብሎ ቢደውል ለታችኛው መንደር ዕድሜ ይሰጣል።

አምስተኛ፣ ከወር መዋጮው ገመድ፣ የእጅ ባትሪ፣ አካፋና ከረጢት ይገዛ። ግንቦት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ለዲች ጠረጋ ይመደብ፤ ያልመጣ እንደ ቀብር ይቀጣ።

እዚህ ላይ ግን እድራችንንም ልውቀስ። መዝገቡ ውስጥ የሌለ ሰው አለ። ዱከም የፋብሪካ ከተማ ናት። ከየአገሩ የመጡ ወጣቶች፣ በተለይ ሴቶች ልጆች፣ ሦስትና አራት ሆነው ከጊቢ ጀርባ ባለች ሰርቪስ ቤት ይኖራሉ። ሰርቪስ ቤት ብዙ ጊዜ የጊቢው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው፤ መስኮቷም አንድ ነው ወይም የላትም። የሌሊት ፈረቃ የሠራች ልጅ ቀን ትተኛለች፤ ዝናቡ ከሰዓት ሲመጣ በር ዘግታ ተኝታለች። እድር ውስጥ የለችም፤ ተከራይ ናትና። ቤቱን ከፍ ማድረግ አትችልም፤ የሷ አይደለምና። ካርታ የላትም፣ ዲች የማስጠረግ ሥልጣን የላትም። «ጥንቃቄ ያድርጉ» ሲባል ምን ታድርግ?

ስለዚህ ተከራይ ይመዝገብ። ሙሉ መዋጮ ሳትከፍልም፣ ለዕቁብም ለቀብርም ሳይሆን፣ ለዚህ ለአንድ ነገር ብቻ። አከራዩ በጊቢው የሚያድሩትን ሰዎች ቁጥርና አንድ ስልክ ለእድሩ ጸሐፊ ይስጥ። ኪራይ በየወሩ የሚቆጥር ሰው ነፍስም መቁጠር አያቅተውም።

የሚነሡ ተቃውሞዎችን አውቃለሁ።

«እድር ለቀብር ነው፣ ሌላ አይነካካው» ይሉኛል። ከዚህ በፊት ነክቷል። በኤችአይቪ ዘመን ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆችን የደገፉ እድሮች ነበሩ። ብዙ ሰፈር ውስጥ ጥበቃ ቀጥሯል፣ መንገድ ጠርቧል። ደንብ የሠራው ሰው ነው፣ በአንድ ጠቅላላ ጉባኤ ይሻሻላል።

«እግዚአብሔር ከፈቀደው ማን ያስቀረዋል?» ይሉኛል። እምነታቸውን አከብራለሁ። ግን በመጽሐፍ ቅዱስም በቁርኣንም ኖኅ መርከቡን የሠራው ሰማዩ ሳይጠቁር ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ጠንካራ ነው። «ይህ መንግስትን ከግዴታው ማውጣት ነው፤ ግብር የምንከፍለው ለምንድነው?» የሚል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ካልቨርት ማስፋት፣ ፋብሪካ የጣሪያውን ውሃ በጊቢው እንዲይዝ ማስገደድ፣ ወንዝ ዳር መሬት አለመምራት የእድር ሥራ አይደለም። እድር ይህን ይሥራ ብሎ የሚነግረኝ ሹም ቢመጣ የመጀመሪያው ተቃዋሚ እኔ ነኝ።

ግን መንግስትን የሚጠይቀው ማነው? ለየብቻችን ሄደን ስንጠይቅ «ጥናት ላይ ነው» ተብለን ተመልሰናል። 300 አባወራ የያዘ እድር ደብዳቤ ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ፣ ቅጂ ይዞ ሲመጣ ነገሩ ይለያል። ጥያቄዎቹም ሦስት ብቻ ይሁኑ። በቀበሌያችን ያሉት ካልቨርቶች የትኞቹ ናቸው፣ በየትኛው ቀን ይጠረጋሉ? ጎርፍ ቢመጣ በይፋ የተመደበው መጠለያ የት ነው? የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ስለ ቅጽበታዊ ጎርፍ ትንበያ ሲያወጣ ከእኛ ቀበሌ ተቀብሎ ለእድሩ ዳኛ የሚደውለው ባለሙያ ማነው፣ ስልኩስ ስንት ነው?

ልብ በሉ፤ ሦስቱም ቀን፣ ቦታና ሰው የሚጠይቁ ናቸው። በ«ጥንቃቄ ያድርጉ» አይመለሱም። የተዘጋጀ መንደር መንግስትን ነጻ አያወጣም፣ መሸሸጊያ ያሳጣዋል እንጂ።

ሳይቃጠል በቅጠል የምንል ሕዝብ ነን፤ ቅጠሉን ግን ለእሳት ብቻ አድርገነዋል። ይህን ያነበባችሁ ሁሉ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ጽሑፉን ለእድራችሁ ዳኛ ወይም ጸሐፊ ላኩ። ስልክ የማያነቡ ከሆነ ልጃቸው ታንብብላቸው። በሚቀጥለው የወር ስብሰባ «ልዩ ልዩ» የሚባለው አጀንዳ ላይ፣ ሰው ጫማውን ማድረግ ሳይጀምር፣ እጃችሁን አውጡና ይህን ጠይቁ፦ «ዛሬ ሌሊት ውሃ ቢመጣ የመጀመሪያውን በር የሚያንኳኳው ማነው?»

ስም ካልተጠራ ስብሰባው አይበተን።

ቸር ያሰማን።